ለበጋ ከበጎች ጋር አልፕስ ልወጣ ነው፤ የሠራበት ሰው አለ?

የሜዳው_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደቡብ ፈረንሳይ፣ አርል ከተማ አካባቢ ነው። ክራው በሚባለው ድንጋያማ ሜዳ ላይ አንድ በግ አርቢ ዘንድ ከክረምቱ ጀምሮ እየሠራሁ ነው። እስካሁን ሥራዬ ድርቆሽ ማደል፣ ጉረኖ መጥረግ፣ ግልገሏን የገፋች እናት ስትኖር ይዞ ማጥባት ነበር። በጎቹን ለምጃቸዋለሁ። እነሱም ሲያዩኝ አይበረግጉም።

ባለፈው ሳምንት አሠሪዬ ጠራኝና “ከጁን አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ የእረኛው ረዳት ሆነህ ተራራ ትወጣለህ?” አለኝ። 1,800 ያህል በግ ነው። ጎጆው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ መኪና የሚደርስበት ቦታ ድረስ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ኔትወርክ የለም። እስከ እሁድ መልስ እሰጥሃለሁ አልኩት።

መጀመሪያ ያልገባኝ፣ ይህን ሁሉ መንጋ ያን ያህል መንገድ መውሰድ ለምን አስፈለገ? እዚህ ድርቆሽ ሞልቷል። አሠሪዬን ስጠይቀው “እዚያ አየሩ ጥሩ ነው” ብሎ አለፈኝ። ሌላው ሥራው ራሱ ነው። በግ ሳር ይበላል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ? ተኩላስ የምር አለ? ምን ይዤ ልሂድ? “አይዞህ” ብቻ የሚለኝ ሰው አልፈልግም፤ ያለውን እንዳለ ንገሩኝ።

---

ሻይ_በሎሚ

“ኔትወርክ የለም” የሚለው ጋ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ። ወንድሜ፣ ስትመለስ ከሰው ጋር ማውራት ጠፍቶህ ነው የምትመጣው። ተው ይቅርብህ።

---

ቃጭሏ

እኔ ሠርቼበታለሁ። መጀመሪያ እንዳንተው ረዳት ነበርኩ፤ አሁን ዋና እረኛ ሆኜ ነው የምወጣው። መልሴ ይረዝማል፤ ታገሰኝ።

ከ“ለምን” ልጀምር። እሱ ከገባህ ሥራው ራሱ ይገባሃል። አሠሪህ “አየሩ” ያለህ ሊገላገልህ ነው። ዋናው ነገር ሳሩ ነው። ክራውን እስካሁን ያየኸው በክረምትና በጸደይ ነው። ጁላይ ላይ ብታየው ያው ቦታ አይመስልህም። ዝናብ የለም፣ ንፋሱ ያደርቃል፣ በድንጋዩ መሃል የነበረው ሳር ገለባ ይሆናል። ለምለም ሆኖ የሚከርመው በመስኖ የሚጠጣው መስክ ብቻ ነው። ውሃው ከዱራንስ ወንዝ ነው የሚመጣው፤ የመጀመሪያውን ቦይ በ1550ዎቹ ያስቆፈረው አዳም ደ ክራፖን የሚባል መሐንዲስ ነበር። ያ መስክ ግን በበጋ ለበግ አይለቀቅም። ይታጨዳል። በዓመት ሦስት ጊዜ ታጭዶ ይሸጣል፤ የክራው ድርቆሽ ከ1997 ጀምሮ እንደ ወይን ጠጅና እንደ አይብ ስሙ በሕግ የተጠበቀለት ነው። አንተ ስታድል የከረምከው እሱን ሊሆን ይችላል። ከሦስተኛው አጨዳ በኋላ የሚያቆጠቁጠውን ነው በጎቹ ከተራራ ሲመለሱ የሚግጡት። እነሱ ሲሄዱ ሜዳው ያርፋል፣ ለክረምት ይጠራቀማል። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቆዩ ብትል ድርቆሹን በጁላይ ጨርሰህ በጃንዋሪ ባዶ እጅህን ትቀራለህ።

ተራራው ተቃራኒው ነው። ሜዳው ሲደርቅ እዚያ በረዶው ገና እየቀለጠ ነው። ሳሩ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚለመልመው። 1,000 ሜትር በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ሰባት ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ጁን ላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ያየኸውን ለጋ ሳር 2,400 ሜትር ላይ የምታገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው። ለጋ ሳር ደግሞ ለበግ ሌላ ነገር ነው፤ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ቶሎ ይፈጫል። አንዴ አፍርቶ አገዳው ከጠነከረ በግ ዞር ብላም አታየው። መንጋው ያንን ለጋ እየተከተለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የተራራው ትርጉም ይኸው ነው።

የእርባታውም ነገር ከዚሁ ጋር ተያይዟል። የናንተዎቹ በጎች የአርል ሜሪኖ የሚባለው ዝርያ ከሆኑ፣ አውራ የሚለቀቅባቸው በጸደይ ነው። አምስት ወር ያረግዛሉ፣ መጸው ላይ ይወልዳሉ። ተራራ ላይ የምታግዳቸው አብዛኞቹ እርጉዝ እንጂ የሚያጠቡ አይደሉም። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፤ ግልገል ያስከተለ መንጋ ገደል ላይ ይዘህ አትወጣም። መውለጃቸው ሲቃረብ፣ በረዶውም ከላይ መጣል ሲጀምር ትወርዳላችሁ። “እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ” የተባልከው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ቁጭ ብዬ አያለሁ ወይ ብለሃል። አዎ፣ ብዙውን ሰዓት ቆመህ ነው የምታየው። ግን የምታየውን ካላወቅክ ሴፕቴምበር ላይ የምታበላቸው ታጣለህ። የተራራ እረኝነት ሳር መቆጠብ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

በግ ሽቅብ መውጣት ትወዳለች። ዝም ብለህ ከለቀቅካቸው በመጀመሪያው ሳምንት ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ናቸው፤ በረዶው የለቀቀውን፣ ገና መሬቱን ያልያዘውን ቡቃያ ከሥሩ ይነጩታል። ያ ሳር የኦገስት ነበር። ሳይጠነክር ከተበላ ቶሎ አያገግምም፤ በየዓመቱ እንዲህ ከሆነ ጭራሽ እየሳሳ ይሄዳል። ከታች የተውከው ደግሞ ሳይበላ ያረጃል። ሁለቱንም አጣህ። ስለዚህ ዋናው እረኛ ተራራውን በወር ከፋፍሎ ይይዘዋል፦ የጁን ቦታ አለ፣ የኦገስት ቦታ አለ፣ ስትመለሱ የሚበሉት የመጸው ቦታ አለ። ድንበሩ ካርታ ላይ የለም። “ከዚያች ቀይ ድንጋይ በላይ እስከ ጁላይ አጋማሽ አይታለፍም” ይልሃል፣ በቃ። ከሱ ምንም ባትማር ያንን ድንበር ተማር። ለምን እዚያ ላይ እንዳደረገውም ጠይቀው፤ ፀሐይ ቀድሞ የሚነካውን ፊት፣ ውሃ ያለበትን፣ ንፋስ የሚበዛበትን እያሰበ ነው።

የቀኑ ውሎ እንዲህ ነው። ጎህ ሳይቀድ ማደሪያቸው አጠገብ ተገኝ። በጎቹ እንደነቁ አይሄዱም። ተነስተው ይቆማሉ፣ ይሸናሉ፣ ይንጠራራሉ፣ ከዚያ አንዷ ትጀምርና ሌሎቹ ይከተላሉ። የቀኑን አቅጣጫ የምትሰጣቸው ያኔ ነው። ያቺን ሰዓት በእንቅልፍ ካሳለፍክ ቀኑን ሙሉ በውሻ ስትመልስ ትውላለህ። በውሻ የተመለሰች በግ አትግጥም፣ ትሮጣለች። ስትሮጥ ደግሞ ሳሩን ትረግጠዋለች። ከኋላ አትንዳቸው። ከፊታቸው ራቅ ብለህ ቁም፣ ዱላህን በጎን ዘርጋ፤ ያዩሃል፣ ይዘገያሉ። መንጋው ተበትኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ሲግጥ ካየህ ልክ ነህ። ተሰልፎ የሚሄድ ከሆነ ቦታው አልጣመውም።

ፀሐዩ ሲበረታ ይሰበሰባሉ። አንዷ ጭንቅላቷን ከሌላዋ ሆድ ሥር ትወትፋለች፣ ያቺም ከሌላዋ ሥር፤ ከሩቅ ስታያቸው ራስ የሌለው መንጋ ነው። ያመሰኳሉ። እስኪበርድ ድረስ ንቅንቅ አይሉም። ይሄ ያንተም እረፍት ነው፦ ብላ፣ ተኛ፣ ያነከሰች ካለች ያዝና እግሯን እይ። ከዚያ እስኪመሽ ይግጣሉ። የሚጠግቡት በማታው ግጦሽ ስለሆነ እሱን አታሳጥርባቸው።

1,800 በግ በየቀኑ አይቆጠርም። የሚቆጠሩት ምልክቶቹ ናቸው፦ ጥቁሮቹ፣ ቃጭል ያሰሩት፣ ጆሮዋ የተቀደደችው፣ ፍየሎቹ። እነዚያ ከተሟሉ መንጋው ሙሉ ነው ትላለህ። አንዲት ጥቁር ከጎደለች ግን አንዲት በግ ጠፋች ብለህ አትጽናና። በግ ብቻዋን አትሄድም። ሃምሳም ይሁን መቶ አስከትላ ነው የሄደችው፤ ሳይጨልም ተነስተህ የርቀት መነጽርህን ይዘህ ወደ ሸንተረሩ ውጣ። ቃጭሉንም ልመድ። ሲግጡ፣ ሲያመሰኩ፣ ሲደነግጡ ድምፁ የተለያየ ነው። ጭጋግ ወርዶ እጅህን እንኳ ማየት ሲያቅትህ መንጋው የት እንዳለ የሚነግርህ እሱ ብቻ ነው።

ተኩላ አለ። ከፈረንሳይ ጠፍቶ ቆይቶ ነበር፤ ከጣሊያን እየተሻገረ መጥቶ በ1992 መርካንቱር ተራሮች ላይ ታየ። ከዚያ ወዲህ አልፕስን በሙሉ ተዳርሷል። እሱን ራሱን ላታየው ትችላለህ። አንተን የቀጠሩህም በከፊል ለሱ ሲሉ ይሆናል፤ መንግሥት ለረዳት እረኛ፣ ለጠባቂ ውሻና ለኤሌክትሪክ አጥር ከወጪው ያግዛል። ማታ ማታ መንጋውን በኤሌክትሪክ መረብ ውስጥ ታስገባለህ። ዋናው እረኛ በዚህ ነገር ሲያማርር ብትሰማ አትፍረድበት። ድሮ በጎቹ እስከ ጨለማ ግጠው ደስ ያላቸው ከፍታ ላይ ያድሩ ነበር። አሁን በጊዜ ታወርዳቸዋለህ፣ ጠዋት መልሰህ ታወጣቸዋለህ፣ መንገዱ ይረገጣል። አንድ ቦታ ብዙ ካደሩ መሬቱ በፋንድያ ይቃጠልና ሳሩ ጠፍቶ ሳማ ይበቅልበታል። ስለዚህ መረቡን እየነቀልክ ቦታ ትቀይራለህ። ድንጋይ ላይ ችካል መትከል እንዴት እንደሆነ እዚያ ታየዋለህ፤ እኔ ከሥራው ሁሉ የምጠላው እሱን ነው።

ጥቃት ከደረሰ ሬሳውን አታንቀሳቅስ። አሞራ እንዳይበላው በሸራ ሸፍነው፣ ድንጋይ ጫንበት፣ ፎቶ አንሳ፣ ለአሠሪህ አሳውቅ። የመንግሥት ባለሙያ መጥቶ ካላየው ካሳ የለም። የተረፉትንም እያቸው። የደነገጠ መንጋ ገደል ይገባል፤ አንዳንዴ ተኩላው ከገደለው ገደሉ የገደለው ይበልጣል።

ውሾቹን አታምታታቸው። ትንሹ፣ ፈጣኑ ያንተን ፉጨት እየሰማ ይነዳል። ትልልቆቹ ነጫጭ፣ ፓቱ የሚባሉት ግን ከቡችላነታቸው ጀምሮ በበግ መሃል ያደጉ ናቸው። ትእዛዝ የሚሉት ነገር ብዙም አይገባቸውም፤ መንጋው ቤተሰባቸው ነው። ከነሱ ጋር ያለብህ ችግር ተኩላ ሳይሆን ቱሪስት ነው። ሳይክል የሚነዳው ይወርድ፣ ማንም አይሩጥ፣ ዱላ አያንሳ፣ ዓይን ለዓይን አይየው፣ መንጋውን አቋርጦ ሳይሆን ዞሮ ይለፍ። ይህን በፈረንሳይኛ በቃልህ ያዘው፤ ኦገስት ላይ ከሰላምታ በፊት የምትለው እሱን ነው።

ዕቃ፦ ሁለት ጫማ (አንዱ ሲደርቅ አንዱን ታደርጋለህ)፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የዝናብ ካፖርት፣ የርቀት መነጽር፣ ቢላ፣ የራስ መብራት፣ ወፍራም ሹራብ። ጁላይ ነው ብለህ አትዘናጋ፣ በረዶ ሊጥል ይችላል። ነጎድጓድ ስትሰማ ከሸንተረሩ ውረድ፣ ከኤሌክትሪክ አጥሩ ራቅ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለል። ከባዱን ነገር፣ ጋዙን፣ ጨውን፣ የውሻውን ምግብ፣ መጀመሪያ ላይ በሄሊኮፕተር ወይም በበቅሎ ያወጡላችኋል።

ስለ ብቸኝነት ሰው ብዙ ይልሃል። እውነቱን ለመናገር ከብቸኝነቱ ይልቅ የሚከብደው ከአንድ ሰው ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል አራት ወር መኖር ነው። አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ሰሃን አያጥብም፣ አንዱ ከምሽቱ በኋላ ቃል አይተነፍስም። ሳትወጣ በፊት ሰውዬውን አግኘው። አብራችሁ ምሳ ብሉ። ካልጣመህ ያኔውኑ ቅር።

---

ጥፍርና_ሰኮና

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እህታችን ቃጭሏ ጥሩ አድርጋ ነግራሃለች፤ እኔ እግር ላይ ልጨምር።

ተራራ የሚወጣ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው አይደለም። ከ1972ቱ የፈረንሳይ ሕግ ወዲህ አርቢዎች በማኅበር ሆነው ግጦሹን በጋራ ይከራያሉ፣ በጎቻቸውንም ይቀላቅላሉ። ጀርባቸው ላይ የምታየው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ቀለም የባለቤቱ ምልክት ነው፤ ከተሸለቱ በኋላ ነው የሚቀባው። ሲቀላቀሉ በሽታም ይቀላቀላል። ከመውጣታቸው በፊት የጤና ወረቀት የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሰቃይህ የጥፍር መበስበስ ነው። ባክቴሪያ ነው፣ እርጥበትና ሙቀት ይወዳል። መጀመሪያ በጣቶቿ መሃል ያለው ቆዳ ይቀላል፣ ይርሳል፣ ከዚያ ጥፍሩ ከሥጋው እየተላቀቀ ይሄዳል። ሽታው አንዴ ካሸተትከው አይጠፋህም። ከሩቅ የምትለያት እንዲህ ነው፦ ሌሎቹ ቆመው ሲግጡ እሷ በፊት ጉልበቷ ተንበርክካ ትግጣለች። እንዲህ ያለች ካየህ በዚያው ቀን ያዛት። ነገ ካልክ ነገ አምስት ይሆናሉ። ከጉዞው በፊት መንጋው በ10 በመቶ ዚንክ ሰልፌት እግሩን መታጠቡን አሠሪህን ጠይቀው። ያነከሰች በግ መኪና ላይ አትጫን፤ እዚያው ሜዳ ትቅር።

ጨው ደግሞ ያው እንደምታውቀው ይፈልጋሉ። የተራራ ሳር ሶዲየም ያንሰዋል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትበትንላቸዋለህ። መቼና የት እንደምትበትን ግን አስብበት፤ ጨው ካለበት መንጋው ራሱ ይመጣል፣ ሳትነዳ ወደምትፈልገው አቅጣጫ ትስበዋለህ። ከምንጭ አጠገብ አታድርገው፤ ውሃውን ያበላሹታል።

ስለ ራስህም አስብ። የሞተች በግ ጥሬ ሥጋ፣ በተለይ ጉበት፣ ሳንባና ጭንቅላት፣ ለውሻ አትስጥ። ውሻው ትል ይይዛል፣ ከሱ ወደ በግ ይመለሳል። እንደ ሰከረ አንድ ቦታ የምትሽከረከር በግ ካየህ የዚያ ውጤት ሊሆን ይችላል፣ ትሉ አንጎሏ ውስጥ ገብቶ ነው። ወደ ሰው የሚተላለፍ ዓይነትም አለው፣ ጉበት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ውሾቹ በየጊዜው የትል መድኃኒት ይውሰዱ፤ አንተም ውሻ ነክተህ ሳትታጠብ አትብላ።

---

የሜዳው_ልጅ

እህቴ ቃጭሏ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ እርስዎንም። ዛሬ ጉረኖ ገብቼ እግር ሳይ ነው የዋልኩት፤ የምትንበረከክ አንዲት አገኘሁና ለብቻዋ አውጥተናታል።

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። በእግር የምንሄድ መስሎኝ ነበር። አሠሪዬ “በካሚዮን ነው፣ በአንድ ሌሊት እንደርሳለን” አለኝ። ቪዲዮ ላይ የማየው፣ በከተማ መሃል የሚሄደው መንጋ ታዲያ ምንድን ነው?

---

ከማድሪድ

ያየኸው የኛን ከተማ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ በጎች በማድሪድ መሃል ያልፋሉ። ከ1994 ጀምሮ ነው። ትርዒት ቢመስልም ከጀርባው መብት አለ።

እዚህ አገር የበግ መንገድ በሕግ የታወቀ መንገድ ነው። በ1273 ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ለበግ አርቢዎቹ ማኅበር፣ ሜስታ ለሚባለው፣ ሥልጣን ሰጠው። በጋ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ክረምት ወደ ደቡብ ሜዳዎች የሚወስዱት ትልልቆቹ መንገዶች ስፋታቸው 90 ቫራ ነበር፤ 75 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አራሹ ገፍቶ ሊያርሰው አይችልም ነበር። ማኅበሩ በኃይለኝነቱ ገበሬውን ሲያስለቅስ ኖሮ በ1836 ፈረሰ። መንገዶቹ ግን አልጠፉም። በ1995 የወጣው ሕግ እንዳይሸጡና እንዳይታጠሩ ይከለክላል። ተደምረው 125,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ ይባላል፤ ብዙው ግን አስፋልት ወይም እርሻ በልቶታል። በማድሪዱ ዕለት እረኞቹ ለከተማው ለእያንዳንዱ 1,000 በግ 50 ማራቬዲ፣ የጥንት ሳንቲም ነው፣ ይከፍላሉ። በ1418 በተደረገ ስምምነት መሠረት። ሰዉ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ እነሱ ግን ከልባቸው ነው የሚከፍሉት፤ መንገዱ ገና የኛ ነው እያሉ ነው።

ዩኔስኮም ይህን የወቅት ጉዞ መዝግቦታል። በ2019 የጣሊያን፣ የኦስትሪያና የግሪክ ሆኖ ገባ፤ በ2023 ፈረንሳይና ስፔን ሌሎችም ተጨምረው አሥር አገር ሆኑ። እኔ በበኩሌ ከምዝገባው መንገዱን ከአጥር ማጽዳት ይቀድማል ባይ ነኝ።

---

ቃጭሏ

የካሚዮኑ ነገር አይክፋህ። ከክራው በእግር የሚወጡት ሌሊት ሌሊት እየሄዱ፣ ከሳምንት በላይ እየፈጀባቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ባቡር መጣ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካሚዮን። አሁን ያንን መንገድ በእግር ልሂድ ብትል መኪናው፣ አደባባዩ፣ የየመንደሩ ፈቃድ፣ ማደሪያ ፍለጋው ያሳብድሃል። አሁንም በእግር የሚሄዱ አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን እርጉዝ በጎች አስፋልት ላይ እግራቸው ሲላጥ አይቼ በካሚዮኑ ተስማምቻለሁ።

ካሚዮኑ ግን እስከ ጎጆው አያደርስህም። ሸለቆው ሥር ያራግፋችኋል፤ የቀረው በእግር ነው። አደራ፣ እንደወረዱ አትንዳቸው። ውሃ ጠምቷቸዋል፣ ሆዳቸው ባዶ ነው። ውሃ ይጠጡ፣ ጥቂት ደረቅ ነገር ይቅመሱ። በባዶ ሆዳቸው ለምለም ማገጥ ላይ ከለቀቅካቸው ሆዳቸው ይነፋል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትቀብራለህ። ከዚያ አሮጊቶቹን ልቀቃቸው። አምና የወጡት መንገዱን ያውቁታል፤ ከፊት ሆነው ይመሩሃል። አዲሶቹን ከኋላ ጠብቅ፣ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው።

እሁድ መልስ ከመስጠትህ በፊት ግን ስለ ውሉ ተነጋገር። ብዙ ሰው ስለ ተኩላ ጠይቆ ስለ ውሉ ሳይጠይቅ ይወጣል። ከመውጣትህ በፊት የተፈረመ ወረቀት እጅህ ላይ ይኑር፤ “ስትመለስ እናደርገዋለን” አይሆንም። የእረፍት ቀንህ መቼ ነው፣ ያን ቀን ማን ይተካሃል? የምግቡን ማን ይከፍላል? ጎጆው ውስጥ ለብቻህ አልጋ አለ ወይስ መሬት ላይ ነው? ውሃው ከየት ነው? ሬዲዮ ወይም የሳተላይት ስልክ አለ? እግርህ ቢሰበር ለ112 የሚደውለው ማን ነው፣ ከየት ሆኖ? ጫማና የዝናብ ልብስ ከደመወዝህ ነው ወይስ እነሱ ይገዛሉ? አንድ አሠሪ እነዚህን ስጠይቀው “ሴት ናት፣ ትነዘንዛለች” ብሎ ለሌላ ሰው ሰጠው። የወሰደው ልጅ ኦገስት ላይ ጥሎ ወረደ፣ ጎጆው ጣሪያው ያፈስ ነበር።

ያንተው ሰውዬ ለጥያቄዎቹ ሳይቆጣ ከመለሰልህ ግባበት። ከተቻለ ደግሞ ሜይ ላይ በረዶው ሲሳሳ ሄዳችሁ ጎጆውን እዩት። በሩ ከተከፈተ፣ ምድጃው ከነደደ፣ ምንጩ ከፈሰሰ በቂ ነው። ለወደፊቱ ሥራውን ከወደድከው ሳሎን ደ ፕሮቫንስ አጠገብ ለ ሜርል የሚባል የእረኞች ማሠልጠኛ አለ፤ ካንተ ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ ግን አንድ በጋ ሥራበት።